ገጣጣ፣ ፍንጭትና የአፖሎ አገጭ

አማርኛ ስለ ጥርስ ሲያወራ ማዳላት ያውቅበታል። የፊት ጥርሶቿ መሐል ክፍተት ያላት ልጅ «ፍንጭት» ተብላ ይዘፈንላታል። የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ የወጡበት ልጅ ግን «ገጣጣ» ይባልና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ሰው ይጠፋል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጥርሶች ከመስመር የወጡ ናቸው። አንዱ ሙገሳ ሆነ፣ ሌላው ስድብ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው የሚስቁ፣ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ከንፈራቸውን ጥርቅም የሚያደርጉ ሰዎች ታውቃላችሁ አይደል? ለእነሱ ይኼ ነገር ቀልድ አይደለም።

አሁን ደግሞ ብሬስ መጣ። ድሮ በአሜሪካ ፊልም ላይ ብቻ የምናየው ብረት፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ስትል ብልጭ ይላል። እሰየው ነው። ግን መቼም ጥያቄ መጠየቅ አይከለከልምና እስቲ እንጠይቅ፤ ይኼኛው ጥርስ «ትክክል»፣ ያኛው ደግሞ «ጠማማ» ነው የሚለውን መለኪያ ያወጣው ማን ነው? መልሱን ፍለጋ ስንሄድ አንድ ቁጡ አሜሪካዊና አንድ የእብነ በረድ ሐውልት እናገኛለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርስ ከተገፋ ቦታውን እንደሚለቅ ሰው ካወቀ ሰንብቷል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ፣ የልጁ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ብቅ ካለ የወተቱን ነቅላችሁ አዲሱን በየቀኑ በጣት እየገፋችሁ ቦታው አድርሱት ብሎ መክሯል። ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ያህል የጎላ ለውጥ የለም። በ1728 ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ስለ ጥርስ ሕክምና ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ቀጭን የወርቅ ወይም የብር ዝርግ አዘጋጅቶ የተጣመሙትን ጥርሶች በክር ከእሱ ጋር ማሰር አንዱ ዘዴው ነበር። ሌላው ዘዴው ትዕግሥት ለሌለው ሰው የሚሆን ነው፤ ጥርሱን በጉጠት ይዞ፣ ነቅንቆ፣ ባንዴ ማቅናትና ከጎረቤቶቹ ጋር አስሮ እንዲጠነክር መተው። ማደንዘዣ ያልነበረበት ዘመን እንደሆነ አትርሱ።

ዋናው ሰውዬ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኤድዋርድ ሃርትሊ አንግል በ1855 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ። የጥርስ ሐኪም ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማረ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተጣላ፣ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከእሱ በፊት ጥርስ ማቅናት ለጥርስ ሐኪም የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር። አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ያስራል፣ ሁሉም የመሰለውን ያደርጋል። አንግል ግን ይኼ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ብሎ ተነሣ። በ1900 ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ሲመሠረትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱው ሆነ።

ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን በ1899 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ቀላልነቱም ነው ኃይሉ። በስድስት ዓመት አካባቢ የሚወጣውን የመጀመሪያውን የላይኛውን ቋሚ የመንጋጋ ጥርስ እንደ ቤት ማዕዘን ድንጋይ ቆጠረው። አፍ ሲገጠም የታችኛው ጓደኛው ከእሱ ጋር በትክክል ከተገናኘ፣ የፊቶቹ ቢደራረቡም ችግሩ የጥርሶቹ ብቻ ነው፤ ይኼ አንደኛ ክፍል። የታችኛው ወደ ኋላ ከቀረ ሁለተኛ ክፍል፤ የእኛ «ገጣጣ» አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባል። የታችኛው ወደ ፊት ካለፈ ሦስተኛ ክፍል፤ አገጩ ቀድሞት የሚሄደው ሰው ማለት ነው። በቃ፣ ሦስት ክፍል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ ዋሽንግተን ኦርቶዶንቲስት ጋ ብትሄዱ ካርዳችሁ ላይ የሚጻፈው ይኼው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የአንግል ቁጥር ነው።

እስኪ አሁን ወደ ሐውልቱ እንምጣ። አንግል ጥርስ ከገጠመ በኋላ ፊቱስ ምን መምሰል አለበት የሚል ጥያቄ ያዘው። በ1907 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የመልክ ስምምነት ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው በቫቲካን የሚገኘውን የአፖሎ ሐውልት ነበር፤ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ልከኛ ከንፈር፣ የተስተካከለ አገጭ። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ ሮማዊ ቀራጭ የግሪክን አምላክ አስመስሎ የጠረበው ድንጋይ ለሰው ልጅ ሁሉ መንጋጋ ማነጻጸሪያ ሲሆን። የእኔ አያትም ሆኑ የቻይናው ገበሬ፣ የአንዲሷ እረኛም ሁላቸውም በዚህ ፊት ሲመዘኑ ከጎደሎ ነው የሚጀምሩት።

የሚገርመው፣ አንግልን በጊዜው የመከረው ሰው ነበር። ኤድመንድ ዉርፔል የሚባል የሥነ ጥበብ አስተማሪ ወዳጅ ነበረው። የሐኪሙ ልመና የፊትን ውበት የሚለካ አንድ ቋሚ ሕግ እንዲሰጠው ነበር። ሠዓሊው ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም፣ ፊት እንደ ባለቤቱ ይለያያል አለው። አንግል ምክሩን በራሱ መንገድ ተረጎመው። እንግዲያው ሕጉ ያለው አፍ ውስጥ ነው አለ፤ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሶች በየቦታቸው ከገጠሙ ፊት የራሱን ስምምነት ራሱ ያመጣል፣ ስለዚህ አንድም ጥርስ አይነቀልም! ቦታ ቢጠብም ቅስቱን አስፉት፣ አጥንቱ ይከተላል። በዘመኑ አጥንት እንደ ሥራው ቅርጹን ይለውጣል የሚለው የጀርመናዊው ዩሊየስ ቮልፍ ትምህርት ገናና ስለነበር፣ ሐሳቡ ሳይንስ ሳይንስ ይሸት ነበር።

እዚህ ላይ ጠቡ ፈነዳ። ካልቪን ኬዝ የተባለ ሐኪም ይኼ እምነት እንጂ ሕክምና አይደለም አለ። ለአንዳንዱ ሰው ሠላሳ ሁለት ጥርስ መንጋጋው ላይ ማስገባት ማለት ስምንት ሰው በሚይዝ ታክሲ አሥራ ስድስት ሰው መጫን ነው። (ምሳሌው የእኔ ነው፣ የእሱ ክርክር ግን ይኼው ነው።) ጥርሶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ ከንፈር አይገጥምም፣ የተሠራውም አይቆይም። በ1911 ነገሩ በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ በይፋ ተሟገቱበት። አንግልን ወክሎ የተከራከረው ማርቲን ዲዊ ነበር። በክርክሩ ማን ትክክል እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁ ብዙዎች ኬዝን ይጠሩላችኋል፤ በጊዜው ግን ያሸነፈው የአንግል ወገን ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ለማቅናት ብሎ ጥርስ መንቀል እንደ ነውር ተቆጠረ።

አንግል በ1930 ሞተ። ብዙም ሳይቆይ እምነቱን ያፈረሰው የገዛ ደቀ መዝሙሩ ነው። ቻርልስ ትዊድ በአሪዞና በረሃ ቱሳን ከተማ የሚሠራ ሐኪም ነበር፤ መምህሩ እንዳዘዘው አንድም ጥርስ ሳይነቅል ለዓመታት አቀና። ከዚያ ታካሚዎቹ ተመልሰው ሲመጡ አየ። ጥርሶቹ እንደገና ተደራርበዋል፣ የፊቶቹም ገጥጠዋል። በእኔ ግምት ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ድፍረት ነው። ሰበብ አልፈለገም። ከክራንቻ ቀጥለው ያሉትን አራት ጥርሶች፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት፣ እየነቀለ ያንኑ ሕክምና እንደገና ሠራላቸው። በ1940 አንድ ጊዜ ሳይነቀልላቸው፣ ሌላ ጊዜ ተነቅሎላቸው የታከሙ የ100 ሰዎችን መረጃ አስቀምጦ ለባልደረቦቹ ኑና እዩ አላቸው።

ባልደረቦቹም አዩ፤ እንደ ሰው ልማድም ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጡ። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ የተሠራ የአርባ ዓመት ቆጠራ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ1953 ጥርስ የተነቀለላቸው ታካሚዎች 30 በመቶ ነበሩ። በ1968 76 በመቶ ደረሱ። በ1993 ተመልሰው 28 በመቶ ሆኑ። የሰው መንጋጋ በአርባ ዓመት ውስጥ ጠቦ ሰፍቶ አይደለም። የሐኪም ፋሽን የሚባል ነገር አለ ለማለት ነው። ብሬስ ልታሠሩ ሄዳችሁ አራት ጥርስ እንነቅላለን ወይም ምንም አንነቅልም ስትባሉ፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው።

ቆይ፣ ኬዝና ትዊድ ትክክል ከሆኑ ለምን መንቀሉ ተመልሶ ቀነሰ? አንዱ ምክንያት በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ (ሲያትል) የተደረገው ክትትል ነው። በ1981 የታተመው ጥናት ጥርስ ተነቅሎላቸው የታከሙ 65 ሰዎችን፣ መያዣው ከወለቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለከተ። ከሦስቱ በሁለቱ የታችኛው የፊት ጥርስ አሰላለፍ አጥጋቢ አልነበረም። ተነቅሎላቸውም ተመለሰ! እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች «የእኔ ዘዴ ይጸናል» ብለው ሲማሉ፣ ጥርስ ሁለቱንም አልሰማቸውም።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ለመረዳት ጥርስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ብሬስ ጥርስን እንደ ሚስማር የሚያጣምም ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ጥርስ አጥንት ላይ የተተከለ ቢሆንም መሐላቸው ስስ የጅማት ሽፋን አለ። በ1904 ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት በውሾች ጥርስ ላይ ባደረገው ሙከራ የሆነውን በአጉሊ መነጽር አሳየ። ጥርሱ በሚገፋበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ ጥርሱ በተወው በኩል አዲስ አጥንት ይበቅላል። ብረቱ የሚሠራው ደጅ ማንኳኳት ብቻ ነው፤ ቤቱን አፍርሶ የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። ስለዚህ ነው ሥራው በወር አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚጓዘው፤ ስለዚህ ነው «በሦስት ወር አስጨርስሃለሁ» ከሚል ሰው መሸሽ የሚያዋጣው። ሳንድስቴት ከባድ ግፊት ጅማቱን እንደሚገድልና እንቅስቃሴውን እንደሚያጓትትም አይቷል። ድዱና ጅማቱ ደግሞ የቀድሞውን ቦታ ቶሎ አይረሱም፤ መያዣው ሲወልቅ ወደ ድሮው ይጎትታሉ። ብሬስ ከወለቀ በኋላ ሌሊት የሚደረገው ፕላስቲክ ወይም ከጥርስ ጀርባ የሚለጠፈው ቀጭን ሽቦ የሐኪም ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንግል ሊሞት ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አራት ማዕዘን ሽቦ የሚገባባት ትንሽ ቅንፍ ሠርቶ ነበር፤ የዛሬው ብሬስ የእሷ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሽቦው ወርቅ ነበር፣ በኋላ የማይዝግ ብረት ተካው። በ1955 ማይክል ቦኖኮር የጥርስን ገጽ በአሲድ አሻክሮ ማጣበቅ እንደሚቻል ስላሳየ፣ እያንዳንዱን ጥርስ በብረት ቀለበት መጠቅለል ቀረ። በ1971 ደግሞ የአዮዋው ጆርጅ አንድሪያሰን በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ የተገኘውን፣ ቢያጣምሙት ወደ ቅርጹ የሚመለሰውን የኒኬልና የታይታኒየም ሽቦ አፍ ውስጥ አስገባው። ለጦር መሣሪያ ሲባል የተመራመሩበት ብረት የልጅ ፈገግታ ማስተካከያ ሲሆን ማየት ደስ ይላል።

ግን ሽቦ የማይደርስበት ነገር አለ። ጥርሱ ሳይሆን አጥንቱ ራሱ የተዛባ ከሆነስ? የአውሮፓን ሥዕል የተመለከተ ሰው የሃብስበርግ ነገሥታትን አገጭ ያውቀዋል። እርስ በርሳቸው እየተጋቡ ዘውዱን ቤት ውስጥ አቆዩት፤ አገጩንም አብረው አቆዩት። በ2019 የታተመ ጥናት ላይ አሥር የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች የ15 የቤተሰቡን አባላት 66 ሥዕሎች መርምረው ነበር፤ የዘመድ ጋብቻው በጠበቀ ቁጥር የታችኛው መንጋጋ መውጣትም ይብስ ነበር። የመጨረሻው የስፔን ሃብስበርግ ዳግማዊ ካርሎስ በ1700 ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ዘሩም እዚያው ተቋረጠ። እንዲህ ያለውን መንጋጋ ብሬስ ብቻውን አይመልሰውም፤ አጥንት መቁረጥ ይፈልጋል። አሜሪካዊው ሳይመን ሃሊሄን በ1849 የአንገቷ የቃጠሎ ጠባሳ መንጋጋዋን የጎተተባትን የሃያ ዓመት ወጣት ሲያክም ፈር ቀደደ። በ1950ዎቹ ሁጎ ኦብቬገዘር በአፍ ውስጥ ገብቶ፣ ፊት ላይ ጠባሳ ሳይተው፣ የታችኛውን መንጋጋ ለሁለት ሰንጥቆ ማንሸራተትን አስተማረ። ዛሬ ወደፊት የመጣ ወይም ወደኋላ የቀረ አገጭ ያለው ሰው እድገቱን ሲጨርስ የሚሠራለት ቀዶ ጥገና የዚህ ዘር ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ፤ ጥርሳችን ለምን ተደራረበ? ሌላው የአንግል ደቀ መዝሙር፣ አውስትራሊያዊው ሬይመንድ ቤግ፣ የአገሩን ነባር ሕዝቦች የራስ ቅል ሲመረምር ጥርሶቹ በጠንካራ ምግብ ተፍቀው ጠበው፣ ለሁሉም ቦታ ተርፎ አገኘ። በ1954 ሐሳቡን አሳተመ። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ እሱ እንዳለው ባይሆንም አቅጣጫው ደህና ነበር። በ2011 ኖሪን ፎን ክራሞን ታውባደል 11 የተለያዩ ሕዝቦችን አወዳድራ፣ አዳኝና ለቃሚ የነበሩት ከገበሬዎቹ ይልቅ ረዘም ያለ የታች መንጋጋ እንዳላቸው አሳየች። ጥርስ መጠኑን በአብዛኛው ከዘር ይዞ ይመጣል፤ መንጋጋ ግን በልጅነት በሚያኝከው ልክ ያድጋል። ለስላሳ ምግብ የበላ ልጅ ለትልቅ ጥርስ ትንሽ ቤት ይሠራል ማለት ነው። (ይኼን ሰምታችሁ ነገ በሃያ አምስት ዓመታችሁ ኪሎ ቆሎ እንዳትገዙ። አልፏል። ምላስን ላንቃ ላይ በመለጠፍ የአዋቂ መንጋጋ ይቀየራል የሚሉት የኢንተርኔት ቪዲዮዎችም አስተማማኝ ማስረጃ የላቸውም።)

በእኛ አገር አንድ ሌላ ምክንያት አለ፣ ስለሱም ብዙ አይወራም። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ይባልና ድዱ ተበጥቶ ገና ያልወጣው የክራንቻ ጥርስ ተፈልፍሎ ይወጣል። ያበጠው ድድ ጥርስ ሊያወጣ የተዘጋጀ ድድ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ባልታጠበ ስለት የሚመጣው መመረዝ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል፤ ከተረፈም ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ፍሬ ይጎዳል። ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ተጣሞ ይወጣል፣ ወይም ጨርሶ አይወጣም፣ ጎረቤቶቹም ወደ ባዶው ቦታ ይጋደማሉ። ያ ልጅ አድጎ «ጥርሴ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲል መልሱን የሚያውቁት ያስወጡለት ሰዎች ናቸው።

ፋሽኑ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። በ2000ዎቹ ታይላንድ ውስጥ ወጣቶች የሀብታም ልጅ ለመምሰል ሐሰተኛ ብሬስ እየገዙ ያስሩ ነበር፤ ባለሥልጣናት ሽያጩን እስከ መከልከል ደረሱ። በጃፓን ወጣ ያለ ክራንቻ የልጅነት ለዛ አለው ተብሎ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ገንዘብ ከፍለው ሰው ሠራሽ ክራንቻ ያስለጠፉ ልጃገረዶች ነበሩ፤ አንግል ቢያይ ሁለተኛ ይሞት ነበር። በአሜሪካ በ2014 የተመሠረተው ስማይል ዳይሬክት ክለብ ደግሞ ሐኪም ወንበር ላይ ሳትቀመጡ ጥርሳችሁን የሚያቀና ፕላስቲክ በፖስታ እልካለሁ ብሎ ገበያ ወጣ። በታኅሣሥ 2023 ተዘጋ። ሕክምናቸውን ገና ያልጨረሱ ደንበኞች አፋቸው ውስጥ ግማሽ መንገድ የተጓዘ ጥርስ ይዘው ቀሩ።

ታዲያ ምን ዓይነት ጥርስ ነው መታከም ያለበት? እንግሊዞች ለዚህ ጥያቄ ከሐውልት ይልቅ ማስመሪያ መረጡ። የመንግሥት ገንዘብ ለማን ይውጣ የሚለውን ለመወሰን በ1989 የወጣ መለኪያ አላቸው። ጤናን ለብቻ፣ መልክን ለብቻ ያያል። የጤናው ክፍል ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ አለው፤ አምስት የባሰው ነው። የመልኩ ክፍል አሥር ፎቶ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጤና ደረጃው አራት ወይም አምስት ከሆነ መንግሥት ያሳክመዋል፤ ሦስት ከሆነ መልኩም ይታያል፤ ከዚያ በታች ከሆነ በራሱ ኪስ።

በዚህ መለኪያ ስስ ፍንጭት ብቻዋን ወረፋ አታስይዝም። የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከቀደመ ደረጃ አራት ነው፤ ከ9 ካለፈ ደረጃ አምስት። እንዲህ የወጣ ጥርስ ኳስ ሜዳም ሆነ ደረጃ ላይ በወደቁ ጊዜ ቀድሞ መሬት የሚነካው እሱ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል። ክፍሉ ሙሉ «ገጣጣ» እያለ ሲስቅበት የነበረው ልጅ ለንደን ቢወለድ ኖሮ ሐኪሙ በማስመሪያ ለክቶ ከወረፋው ፊት ያቆመው ነበር።